እኩል ያካፈልኩት ጥላ

የምነግራችሁን ነገር ደባርቅ ላይ ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ያወራዋል። አንዳንዱ ልጄን ያማበታል፣ አንዳንዱ መድኃኒቱን። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም በማታ ክፍል እስከ አራተኛ ዘልቄያለሁ። የልጅ ልጄ ፊደሉን አርማልኛለች። ነገሩን እንድታርም ግን አልፈቀድኩላትም።

አንጓች እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዳባት ነው፤ ደባርቅ ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ አሳደግኩ፣ አያት ሆንኩ። በሰፈሬ የምታወቀው በማካፈል ነው። ለበዓል ቅርጫ በሬ ሲታረድ መደቡን የምደለድለው እኔ ነኝ። ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከአጥንቱም ለሁሉም መደብ እኩል አደርሳለሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ባለድርሻ ከኪሱ የሆነ ነገር ያወጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የደረሰህ ደረሰህ ነው። የሚያጉረመርም ካለ ዓይን ዓይኑን አይቼ ዝም አሰኘዋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴን ቀድሜ የነገርኳችሁ የኋላው እንዲገባችሁ ነው።

አሁን ስለ መኪናዋ። ተራራውን ሊያዩ የመጡ ፈረንጅ ባልና ሚስት የሚኖሩባት፣ በውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት ረጅም መኪና ነበረች። ሊማሊሞን ስትወጣ ሞተሯ ተቃጠለ። ሰዎቹ ለሁለቱ ልጆቼ ሸጠዋት በአውሮፕላን ሄዱ፣ ልጆቼም ሌላ ሞተር አስገቡላት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር የደባርቅ ሰው «ቀንድ አውጣ» የሚል ስም አወጣላት።

ደሳለኝ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ሹፌርም አስጎብኚም ነው። እንግዳ ሲጠፋ በየገጠሩ ገበያ እየዞረ በዲሽ ኳስ ሊያሳይ አሰበ። ታናሽ እህቱ ትርንጎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። በዚያ ሰሞን በበየዳ በኩል የበግ ፈንጣጣ ገባ ተብሎ ነበርና በመኪናዋ ውስጥ ባለው ትንሽ ማቀዝቀዣ ክትባት ይዛ ልትሄድ ተዘጋጀች። ያ ክትባት ሙቀት ካገኘው ውሃ ነው። በጉን አይገድለውም፤ አያድነውም እንጂ።

ጠቡ የተጀመረው ጣሪያው ላይ ነው። ትርንጎ ሁለት የሶላር ሰሌዳ አመጣች፤ ማቀዝቀዣው የሚሠራው ሶላሩ በሚሞላው ባትሪ ነው። ደሳለኝ ደግሞ ዲሹን ከነምሰሶው ይዞ መጣ።

«ሶላሩ መሀሉን ይያዝ፤ ዲሹ ከኋላ ጫፍ ይቁም» አለች ትርንጎ።

«ከኋላ ጫፍማ መንገዱ ሲንጠው ምሰሶው ይላላል። ጎል ሊገባ ሲል ምስሉ ቢጠፋ ሰዉ ኳሱን ትቶ እኔን ነው የሚጠልዘው» አለ ደሳለኝ።

ሲጨቃጨቁ ሰማሁና ገመድ ይዤ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ወጥቼ ጣሪያውን በገመድ ለካሁ። እኔ በቅሎ ሲጫን እያየሁ ነው ያደግኩት። አንዱ ጎን ከከበደ ኮርቻው ይዞራል፣ እህሉም በቅሎዋም ገደል ይገባሉ። ስለዚህ አንዱን ሰሌዳ በቀኝ፣ አንዱን በግራ አስተኝቼ ሚዛኑን ጠበቅኩ። የቀረው መሀሉ ነው። መሀሉን ሁለቱም ፈለጉት፤ እሷ ባዶ እንዲሆን፣ እሱ ዲሹን ሊያቆምበት።

«ዕጣ አውጡ» አልኳቸው።

ደሳለኝ የጠርሙስ ቆርኪ ሰጠኝ፣ ትርንጎ የመርፌ ክዳን። ጎረቤታችንን ጠርቼ አስጣልኩ። ለደሳለኝ ደረሰ።

«እማ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም» አለች ትርንጎ። «ዲሹ መሀል ከቆመ ጠዋት ጥላው በአንዱ ሰሌዳ ላይ ይወድቃል፣ ከሰዓት በሌላው።»

«ታዲያ እኩል አይደል? ጥላውም ተካፈለ።»

ጎረቤቶቻችን ሳቁ። የእነሱ ሳቅ ልቤን አሳበጠው።

«እኩል አይደለም። ሁለቱ ሰሌዳዎች በአንድ ሽቦ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ላይ ትንሽ ጥላ ካረፈ ሁለቱም ይደክማሉ። ቀኑን ሙሉ ይደክማሉ ማለት ነው።»

«ጥላ ምን ክብደት አላት? አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የወንድምሽ ድርሻ ዓይንሽ ውስጥ እንደገባ ነው። ስስታም።»

ይህን ያልኳት በሰፈሩ ሰው ፊት ነው። የራሷ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ፊቷ ተለዋወጠ፣ መፍቻውን አስቀመጠችና ወረደች። ዲሹ መሀል ላይ ቆመ። አንዱ ሌላውን እንዳይበድል አብሬ እሄዳለሁ ብዬ ጓዜን ጠቀለልኩ።

ሐሙስ ማለዳ ወጣን። ጨነቅ የሚባለውን ቦታ አልፈን፣ የቧሂትን አፋፍ ተሻግረን፣ አመሻሹ ላይ በበየዳ መንገድ ካለች አንዲት ትንሽ ገበያ ደረስን። ገበያው የቅዳሜ ነው፤ ክትባቱም ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጠረ። አርብ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ሜዳው ላይ ቆማ ዋለች። ትርንጎ በየመንደሩ እየዞረች ሰው ልትጠራ በእግሯ ሄደች። ደሳለኝ ዲሹን አስተካክሎ ሻይ ቤት ገባ። ኳሱ የቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ሰበብ ስፈልግ ቴሌቪዥኑንም ስላሰብኩት ነው። አልሆነልኝም።

እኔ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ማቀዝቀዣው ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ትርንጎ ከመሄዷ በፊት አሳይታኛለች፤ የሙቀቱ ቁጥር በሁለትና በስምንት መካከል መሆን አለበት፣ ካለፈ ይጮኻል፣ ያን ጊዜ ሰው ልከሽ አስጠሪኝ ብላኛለች። ቁጥሩን አየሁት። አሥራ አራት ይላል።

ወጣሁና ወደ ጣሪያው አንጋጠጥኩ። የዲሹ ጥላ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ በአንደኛው ሰሌዳ ላይ ተኝቷል። ጠዋት በሌላኛው ላይ እንደነበረ አልጠፋኝም። ገባኝ። ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ሰው ልኬ ባስጠራት ምን እንደምትል አሰብኩ። አይ፣ ምንም አትልም። ዝም ብላ ነው የምታየኝ። ደባርቅ ስንመለስ ደግሞ እነዚያ የሳቁት ጎረቤቶች ይሰማሉ። የአንጓች ክፍፍል መድኃኒት አበላሸ ይባላል። ከዚያ ለራሴ አንድ ነገር ነገርኩት፤ የበየዳ ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፣ ሲመሽ ይበርዳል አልኩ። የደወል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫንኩ። ጩኸቱ ቆመ። ተመልሼ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩ ስድስት ነበር። ብርዱ ያሰብኩትን ሠርቶልኛል። ያ ቁጥር የሚያሳየው ያለበትን ሰዓት ብቻ ነው፣ የትናንቱን አያወራም። ትርንጎ ግን ባትሪውን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«በጣም ወርዷል። እማ፣ ትናንት እኔ ሳልኖር ጮኾ ነበር?»

«አልጮኸም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። ጆሮዬ መች ደነቆረ?»

አመነችኝ። እናቷ አይደለሁ?

ሜዳው በበግ ተሞልቶ ነበር። ከሩቅ የመጣው ሰው ቅደም ተከተል ላይ መገፋፋት ጀመረ። ደሳለኝ እየሳቀ «እናቴ ዕጣ አዋቂ ናት፣ ለእሷ ተዉላት» አላቸው። እኔም አላፍር፣ ነጠላዬን ዘርግቼ ዕጣ ሰበሰብኩ። ውሃ የሆነ መድኃኒት ማን ቀድሞ ይወጋ በሚለው ላይ በፍትሕ ዳኘሁ። ከሁሉ ይልቅ ማታ ማታ ፊቴ ላይ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዕጣ ለአያ ዋሴ ወጣ። የዕድሜ እኩያዬ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ ናቸው፤ አሥራ አንድ በግ ይዘዋል። ትርንጎ መድኃኒቱን በጥብጣ መውጋት ጀመረች። የተወጋው በግ እንዲለይ ጀርባው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ታሰምርበታለች።

«የወንድሜ በጎች ታመዋል» አሉ አያ ዋሴ። «ግጦሻችን አንድ ነው። እስከ ዛሬ የኔዎቹን ጓሮ አግቼ ድርቆሽ ነው የማበላቸው። ከእንግዲህ ልልቀቃቸው?»

«ገና ነው አባባ። መድኃኒቱ ሥራ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ይታገሡ» አለች ትርንጎ።

«ሦስት ሳምንት እቆጥራለሁ። ከዚያ ያለ ስጋት እለቃቸዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ማህፀን ይባረክ። አንቱም ዕጣዎ ደግ ነው፤ አስቀደመኝ።»

አሜን አልኩ። አፌን ከፍቼ አሜን አልኩ። እሳቸውም ሰማያዊ የተሰመረባቸውን በጎቻቸውን ነድተው ዳገቱን ወጡ። ከኋላቸው የሁለተኛው ሰው፣ የሦስተኛው ሰው በጎች ተወጉ። እኔ በጠመኔው መስመር ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆሜያለሁ። ድኗል የሚል ምልክት ነው፤ ያልዳነ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አራተኛዋ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። አንድ እርጉዝ በግ በገመድ ይዛለች።

«ያለችኝ ይቺው አንዷ ናት» አለች ለትርንጎ እየሳቀች። «የሌላው ሰው ብዙ ስለሆነ ለኔዋ ሁለት መርፌ ስጪልኝ፣ እኩል እንድንሆን።»

የትርንጎን እጅጌ ያዝኩና ጆሮዋ ሥር «ትናንት ጮኾ ነበር» አልኳት።

መርፌው እጇ ላይ ቀረ። «ስንት ነበር?»

«አሥራ አራት።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአሥር። እስኪመሽ።»

አልጮኸችብኝም። ትንሽ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ መርፌውን አስቀምጣ ወደ ሰዉ ዞረች።

«መድኃኒቱ ሙቀት አግኝቶታል፤ አይሠራም። ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እስካሁን የወጋኋቸውንም እንዳልተወጉ ቁጠሯቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎንደር አዲስ አምጥቼ እመለሳለሁ።»

«ከደባርቅ ድረስ የሞቀ ውሃ ተሸክመሽ መጣሽ?» አለ አንዱ።

«ቀለሙንስ ማን ያጥብልን?» አለ ሌላው። ሰዉ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። አንዲት አሮጊት «ድሮስ ከከተማ ምን ይመጣል» ብላ በጓን ጎትታ ሄደች።

እኔ በመኪናዋ በር ላይ የሰዉን ዕጣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቆሜያለሁ። ልጄ የእኔን ጥፋት ለብሳ ቆማለች። አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ በአደባባይ የምሞግተው እኔ ነበርኩ።

ሰዉ ሲበተን ትርንጎ ጣሪያው ላይ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር፣ ጥላው ግን እንዳለ ነው። የበጎቹን ጠመኔ አውጥታ በጥላው ዙሪያ በሰሌዳው መስታወት ላይ አሰመረች። ደሳለኝ ከታች ሆኖ ያየናል። መፍቻውን አንስቶ ሳይጠራ ወጣና የዲሹን ምሰሶ መፍታት ጀመረ። በዚያን ቀን ኳስ አላሳየም።

«አያ ዋሴ ሄደዋል፤ አልሰሙም» አለች ትርንጎ በመጨረሻ። «ሰው እንላክባቸው።»

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«ዳገቱን አትችይውም።»

«እችለዋለሁ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ወጣሁት። ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊ መስመር ያላቸውን በጎች ከሩቅ ሳያቸው ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር። አያ ዋሴ ከጓሯቸው ወጥተው «እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አሉኝና የተነጠፈ ቁርበት ላይ አስቀመጡኝ። ውሃ ሳልጠጣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመዱን፣ የበቅሎውን ጭነት፣ ቆርኪውን፣ ልጄን ስስታም ማለቴን፣ ጥላውም ተካፈለ ብዬ ሰው ማሳቄን፣ የደወሉን ቁልፍ፣ አልጮኸም ማለቴን።

ከበጎቹ ፊት ድርቆሽ ጣል አደረጉ።

«ጥላውን እኩል አካፈሉት?» አሉ።

«አካፈልኩት።»

«እንግዲህ ለኔም ድርሻዬ ደረሰኝ።»

በጎቻቸውን ሲያዩ ቆዩና «ለሕዝቡስ ነገሩት?» አሉኝ።

«ልጄ ነገረች። የእኔ ጥፋት ነው ብላ።»

«እሱንማ የነገረችው እሷ ናት። አንቱን ነው የጠየቅኩ።»

«እኔ አልነገርኩም።»

«ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ነው የሚቆም» አሉና ተነስተው ውሃ አመጡልኝ።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። ቄሱ ማሳሰቢያቸውን ከጨረሱ በኋላ ቀርቤ ቃል እንድናገር ፈቀዱልኝ። ትርንጎና ደሳለኝ ከኋላ ቆመዋል፤ ምን ልል እንደሆነ አልነገርኳቸውም። «ትናንት ልጄ የእኔ ጥፋት ነው ያለችው የእሷ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። «እሷ አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሲጮህ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝ የዋሸኋት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ስስታም ብያታለሁ፤ በሰው ፊት እመልሰዋለሁ።» ሌላ የማክለው አልነበረኝም።

የሚራገም አልነበረም፣ ይቅር ይበልሽ የሚልም አልነበረም። ያቺ አንድ በግ ያላት ሴት ናት የተናገረችው፤ እኔን አልፋ ትርንጎን እያየች።

«አዲሱ መድኃኒት በእውነት ቅዳሜ ይመጣል?»

«ይመጣል» አለች ትርንጎ።

«እንግዲያው ቅዳሜ» አለች ሴትዮዋ፤ ሰዉም ተበተነ።

ከዚያ ወደ ደባርቅ ተነሳን። የቧሂት አፋፍ ላይ ስንደርስ ትርንጎ የራሷን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «በሚቀጥለው ሲጮህ ጥሪኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም።

በቅዳሜው ተመልሰን ሄድን፤ ዲሹ ከኋላ ጫፍ ቆሞ፣ ቁጥሩ አራት እያለ። ሰዉ ዕጣ እንዳወጣ ጠበቀኝ። «ማን ይቅደም የሚለውን የምታውቀው እሷ ናት» ብዬ ወደ ልጄ ጠቆምኩ። እሷም በሽታው የቀረባቸውን አስቀደመች። እኔ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ የበግ እግር ስይዝ ዋልኩ። የአያ ዋሴ በጎች ዘጠኝ ሆነው ነው የመጡት፤ ሁለት ግልገሎች በሳምንቱ ውስጥ ሞተው ነበር። መድኃኒቱ ደህና ቢሆን እንኳ በሳምንት አይደርስላቸውም ነበር ትላለች ትርንጎ። አንዳንድ ቀን አምናታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ልጄ ስለሆነች የምታጽናናኝ ይመስለኛል። አያ ዋሴ ስለ ግልገሎቹ አንድም ቃል አላነሱብኝም። በጎቹን አንድ በአንድ እያመጡ እጄ ላይ ያስይዙኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ ፍትሕ ማለት እኩል መቁረጥ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም እኩል መቁረጥ እወዳለሁ፤ አልዋሻችሁም። ቅርጫ ላይ አሁንም ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። ግን ጣሪያውን የለካሁት እኔ ሆኜ ሶላሩን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ይህን ሳልጠይቅ ገመድ ዘረጋሁ። ይህ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፈራጅ ነኝ የሚለውን ስሜን ለማዳን ልጄን ዋሸኋት፣ የሰውን በግ መያዣ አደረግኩ። ለሌላው ሁሉ እኩል የሚሆን ሚዛን ነበረኝ፤ በራሴ ላይ ግን አስቀምጬው አላውቅም ነበር። እናንተም ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር ካለና ለምን እንደሚጮህ ካወቃችሁ፣ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት እኔን አስቡኝ።

ያ በመስታወቱ ላይ የተሰመረው ሰማያዊ ክብ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ደሳለኝ ሊያጥበው ውሃ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ተወው አልኩት። በኋላ ክረምቱ አጠበው። እኔ ግን መኪናዋ በደጄ ባለፈች ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ ቦታው የት እንደነበረ አውቀዋለሁ።